ደሴ ላይ ካርድ አስነክቶ ማስከፈል፦ ከማሽን መረጣ እስከ ማታ ሂሳብ መዝጋት

"ካርዱ እምቢ አለ" ሲባል ችግሩ ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው። አንደኛው ካርዱና ፖስ ማሽኑ (በካርድ የሚያስከፍለው ማሽን) መካከል ያለችው የ4 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ናት። ሁለተኛው ከማሽኑ እስከ ባንኩ ያለው መንገድ ነው፤ ደሴ ፒያሳ ወይም ሰኞ ገበያ ካለ ሱቅ ተነስቶ አዲስ አበባ፣ በመኪና ቢሆን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። የመጀመሪያዋ ኔትወርክ አትፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም ማሽኑ ባትሪ እስካለው ትሠራለች፤ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ታልቃለች። "ሲስተም የለም" የሚያሰኘው ሁለተኛው ነው። የቱ እንደተበላሸ የለየ ባለሱቅ ደንበኛውን ሳያንገላታ ይገላገላል። ያልለየ ግን ካርዱን ደጋግሞ ሲያስነካ ይቆያል፣ ሲብስም ከአንድ ሰው ሂሳብ ሁለት ጊዜ ያስቆርጣል።

ከዚህ በታች ያለው ለሱቅ፣ ለፋርማሲ፣ ለካፌና ለሆቴል ገንዘብ ተቀባይ ነው። ኮምቦልቻ ላላችሁም ያው ነው፤ የሚለየው ነገር በየቦታው ተጠቅሷል።

ነካ ሲደረግ ምን ይሆናል

በስልክ መክፈል ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም፤ ቴሌብር ከጀመረ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊስትሮውም ቁጥሩን ለጥፎ ይቀበላል። ግን *127# ብሎ መደወል በስልክ መስመር የሚሄድ ነው፤ ኪውአር ኮድ ስካን ማድረግ ደግሞ ካሜራና ዳታ ይፈልጋል። ነካ አድርጎ መክፈል ከሁለቱም ይለያል። ካርዱና ማሽኑ ኤንኤፍሲ በሚባል የአጭር ርቀት የሬዲዮ ቴክኖሎጂ ፊት ለፊት ይነጋገራሉ፤ ሞገዱ 13.56 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርዝ አሥር ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚደርስ መጀመሪያ ሁለቱን ዕቃ ማጣመር ያስፈልጋል። ኤንኤፍሲ ማጣመር የለውም፤ መጠጋቱ ነው ፈቃዱ።

ማሽኑ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከስክሪኑ ሥር ወይም ከወረቀት መውጫው አጠገብ፣ የመዳብ ጥቅል አለ። ካርዱም ውስጥ ጠርዙን ተከትሎ ጥቂት ጊዜ የዞረ ቀጭን ሽቦ አለ። ካርዱ ባትሪ የለውም። የማሽኑ ጥቅል መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ካርዱ ሲጠጋ ያ መስክ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሳል፣ ቺፑም በዚያው ጉልበት ይነቃል። መልስ ሲሰጥ ራሱን የቻለ ሞገድ አይልክም። ከማሽኑ መስክ የሚስበውን ጉልበት በፍጥነት ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ማሽኑ ያንን መዋዠቅ ያነበዋል። ንግግሩ የሚጀምረው በሰከንድ 106 ኪሎቢት ነው፤ ለፊልም አይበቃም፣ ለክፍያ ግን ይተርፋል።

መስኩ ከርቀት ጋር ቶሎ ይደክማል። ከጥቅሉ ራቅ ካሉ በኋላ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ካርዱን ከአንድ ስንዝር እያሳዩ "ማሽኑ ደካማ ነው" ማለት ማሽኑን መበደል ነው።

ንግግሩ እንዲህ ይሄዳል። ማሽኑ "ማን አለ?" እያለ ደጋግሞ ይጠራል። ካርዱ ይመልሳል። ማሽኑ ካርዱ ላይ ያሉትን የክፍያ አገልግሎቶች ዝርዝር ጠይቆ ሁለቱም የሚያውቁትን ይመርጣል። ከዚያ የሽያጩን መጠን፣ የገንዘቡን ዓይነት (ብር በዓለም አቀፉ መለያ 230 ነው)፣ ቀኑንና በዘፈቀደ የወጣ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ካርዱ እነዚህን ከውስጡ በማይወጣ ምስጢራዊ ቁልፍ አሽቶ፣ የራሱንም የግብይት ቆጣሪ ጨምሮ፣ ለዚያች ሽያጭ ብቻ የምትሠራ የማረጋገጫ ኮድ ያወጣል። እዚህ ላይ ማሽኑ ይጮሃል፤ ካርዱም ሊነሳ ይችላል። ባንኩ ግን ገና ምንም አልሰማም።

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ገንዘብ ተቀባያችሁ በቃሉ ይያዛት። ድምፁ "ካርዱን አንብቤያለሁ" ነው እንጂ "ተከፍሏል" አይደለም።

1. ማሽኑን መምረጥ

ሦስት ዓይነት ነው። ራሱን የቻለ ፖስ ማሽን ስክሪን፣ ሲም፣ ባትሪና ማተሚያ በአንድ ላይ አለው፤ ለቋሚ ሱቅ እኛ የምንመክረው ይሄንን ነው። ሁለተኛው ከባለሱቁ ስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚሠራ ትንሽ አንባቢ ነው። ካርዱ ከአንባቢው ጋር በኤንኤፍሲ፣ አንባቢው ከስልኩ ጋር በብሉቱዝ፣ ስልኩ ከባንኩ ጋር በዳታ ይነጋገራሉ። ዕቃ ለሚያደርስ ሰው ይመቻል፤ ግን የሚበላሽበት ቦታ ሦስት ሆነ ማለት ነው፣ የስልኩ ባትሪ ሲያልቅም ሽያጩ ይቆማል። ሦስተኛው ማሽን የሚባል ነገር የሌለበት ነው፤ ኤንኤፍሲ ያለው አንድሮይድ ስልክ ላይ ባንኩ የፈቀደው መተግበሪያ ይጫንና ስልኩ ራሱ አንባቢ ይሆናል። ወጪው ትንሽ ነው። የስልክ አንቴና ግን ጠባብ ስለሆነ ደንበኛው ካርዱን ይዞ የስልኩን ጀርባ ሲዳብስ ሰልፍ ይረዝማል።

የትኛውንም ብትወስዱ ማሽኑ ላይ ካርድ የያዘ እጅና አራት ቅስት መስመሮች ያሉበት ምልክት መኖሩን እዩ። ካርዱም ላይ አራቱ ቅስቶች መኖር አለባቸው። ወርቃማው ቺፕ ማስረጃ አይሆንም፤ ቺፕ ኖሯቸው አንቴና የሌላቸው ካርዶች በየሰው ኪስ አሉ። እነሱ ወደ ማሽኑ ገብተው ነው የሚነበቡ።

2. ባንክ ቤት የሚጠየቀው

የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ መታወቂያና በንግዱ ስም የተከፈተ ሂሳብ ይዛችሁ ሂዱ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን እነዚህን ጠይቁ፣ መልሱም ውሉ ላይ ይስፈር፦

ነካ ማድረጉ በእኔ ማሽን ላይ ተከፍቷል? ማሽኑ አንቴና ኖሮት ባንኩ አገልግሎቱን ሳይከፍትለት የሚሰጥ አለ። የተከፈተውስ ለየትኞቹ ካርዶች ነው? ለባንኩ ለራሱ ብቻ፣ ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው መቀያየሪያ በኢትስዊች በኩል ለሌሎች የአገር ውስጥ ባንኮች፣ ወይስ ለቪዛና ለማስተርካርድ ጭምር? ለበዓልና ለሠርግ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የሚይዘው የኋለኞቹን ነው።

ያለ ፒን የሚያልፈው ከፍተኛ መጠን ስንት ብር ነው? ኮሚሽኑ በመቶ ስንት ነው፣ የሚቆረጠውስ ከማን ነው? ገንዘቡ በስንት የሥራ ቀን ሂሳቤ ይገባል? ወረቀት ጥቅል ማን ያቀርባል?

ማሽኑ ሲበላሽ ደሴ ቅርንጫፍ መለወጫ አለው ወይስ አዲስ አበባ ተልኮ እስኪመለስ ይጠበቃል? ይሄን ጥያቄ ሰው ይረሳዋል፤ ከኮሚሽኑ ይልቅ የሚጎዳው ግን እሱ ነው።

3. ማሽኑ የሚቀመጥበት ቦታ

መግነጢሳዊ መስክ ብረት አይወድም። መስኩ ብረት ላይ ሲያርፍ ብረቱ ውስጥ አዟሪ ጅረት ይነሳና መልሶ መስኩን ይቃወመዋል። በላሜራ የተለበጠ ባንኮኒ፣ የአሉሚኒየም ጠርዝ ያለው የመስታወት ባንኮኒ፣ የብረት ገንዘብ መሳቢያ፣ ሁሉም የማንበቢያውን ርቀት ያሳጥራሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ከሥሩ አንጥፉ፣ ከአሉሚኒየሙ ጠርዝም አንድ ስንዝር አርቁት። ሁለት ባንክ ሁለት ማሽን ከሰጣችሁ ጎን ለጎን አታስቀምጧቸው፤ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ፣ አለዚያ የአንዱ መስክ የሌላውን ንባብ ይረብሻል።

ደንበኛው ማሽኑን ወደ ራሱ አዙሮ መጠኑን ማየትና ፒኑን ሸፍኖ መጻፍ መቻል አለበት። ስለዚህ የቻርጀሩ ገመድ አጭር ከሆነ ማሽኑን ሰቅሎ ይይዘዋል። ማታ ማታ ሙሉ ቻርጅ አድርጉት፤ መብራት ሄዶ ሲቆይ ማተሚያው ነው ቀድሞ የሚደክመው፣ ካርድ ማንበብ ብዙ ኃይል አይበላም።

ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች ቆላ ቀመስ ናት፤ እዚያ ማሽኑንም የወረቀት ጥቅሉንም ከመስኮት ፀሐይ አርቁ። የደረሰኙ ወረቀት ቀለም ሳይሆን ሙቀት ነው የሚጽፍበት። ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቅል ሳይታተምበት ይጠቁራል፣ የታተመውም ይደበዝዛል።

4. የመጀመሪያው ቀን ሙከራ

ደንበኛ ፊት ከመሞከር በፊት በራሳችሁ ካርድ ሞክሩ።

ወረቀቱን አስገቡ። የቱ ፊት እንደሚታተምበት ካላወቃችሁ በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት፤ ጥቁር መስመር የወጣበት ፊት ነው ወደ ማተሚያው ራስ የሚዞረው። "ማሽኑ ባዶ ወረቀት ይተፋል" ከሚሉት ብዙዎቹ የገለበጡት ናቸው።

የ10 ብር ሽያጭ ክፈቱና ካርዱን ምልክቱ ላይ ጠፍጣፋውን አሳርፉት። ማሽኑ አራት ትናንሽ መብራቶች ካሉት አራቱም በየተራ በርተው አንድ ረዘም ያለ ድምፅ ይሰማል። አጫጭር ሁለት ድምፅ ከሆነ አልተነበበም ወይም ሌላ ነገር እየጠየቀ ነው፤ ስክሪኑን እዩ።

ደረሰኙ ሲወጣ የሱቃችሁን ስም፣ ባለ 8 አኃዙን የማሽን መለያና ባለ 15 አኃዙን የነጋዴ መለያ ውሉ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ገንዘቡ የሌላ ሰው ሂሳብ ሲገባ ከርሞ የሚደረስበት እዚህች ላይ ሳይታይ በመቅረቱ ነው።

አሁን ርቀቱን ለኩ። ባለ 50 ሉክ ደብተሮችን ማሽኑ ምልክት ላይ ደርድሩ፣ ቁመታቸውን በማስመሪያ ለኩ፣ ካርዱን ከላይ አስቀምጡ። ወረቀት መስኩን አያግደውም። በ1 ሳንቲ ሜትር ካልተነበበ ማሽኑ ወይም ካርዱ ችግር አለበት፤ በ2 እና በ3 ካነበበ ለሱቅ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ያንኑ ሙከራ ጣውላውን አውጥታችሁ ላሜራው ላይ ድገሙት፤ ልዩነቱን ካያችሁ ጣውላውን ማንም እንዲያነሳ አትፈቅዱም።

በመጨረሻ የ10 ብሯን ሽያጭ ሰርዙ። መሰረዝ የሚቻለው የዕለቱ ሂሳብ ሳይዘጋ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ተመላሽ የሚባል ሌላ ሥርዓት ነው፣ ገንዘቡም እስኪመለስ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ገንዘብ ተቀባዩ የስረዛውን ቦታ በሰላሙ ቀን ይልመደው።

5. ማስከፈል

ሀ. ዋጋውን ጻፉና ከማስነካታችሁ በፊት ስክሪኑን ለደንበኛው አሳዩ። "ጋሼ፣ 850 ብር ነው፤ እዚች ምልክት ላይ ያሳርፉት" ማለት ይበቃል። ዜሮ መጨመር እጅግ የተለመደ ስህተት ነው፤ ያለ ፒን በሚያልፍ ሽያጭ ላይ ደግሞ የሚያስቆመው የለም።

ለ. ካርዱን ደንበኛው ራሱ ይያዝ። ነካ የማድረጉ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፣ ካርድ ከእጅ አይወጣም።

ሐ. ጠፍጣፋ አድርጎ፣ ሳያንቀሳቅስ፣ አንድ ሰከንድ ያህል ያቆየው። ጥርግ አድርጎ ማለፍ አይሠራም። ንግግሩ መሐል ላይ ሲቋረጥ ማሽኑ "እንደገና አስጠጉ" ይላል፤ በዚህ ጊዜ ምንም አልተቆረጠም፣ አብሽሩ።

መ. ድምፁ ከተሰማ ካርዱ ይነሳ። አሁን ጠብቁ። ማሽኑ መልእክቱን ወደ ባንኩ እየላከ ነው፤ የሌላ ባንክ ካርድ ከሆነ መሐል ላይ መቀያየሪያው አለ። የሚላከው ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ ስለዚህ ፈጣን ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ የማይቆራረጥ መስመር ግን ይጠይቃል።

ሠ. ፒን ከጠየቀ ማሽኑን አዙራችሁ ስጡና ፊታችሁን መልሱ። ለእናት ለአባት እንኳ ቢሆን ፒን አትቀበሉ፤ "ልጄ አንተው ጻፍልኝ" የሚሉ እማማ ቢመጡ ቤተሰብ ይዘው እንዲመጡ ወይም በጥሬ እንዲከፍሉ በትህትና ንገሩ። ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ ጥያቄው ወደ እናንተ ነው የሚመጣው።

ረ. "ጸድቋል" የሚል ጽሑፍና ባለ 6 አኃዝ የማጽደቂያ ቁጥር ካያችሁ በኋላ ዕቃውን አስረክቡ።

ሰ. የፖስ ወረቀት የግብር ደረሰኝ አይደለም። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ለመጠቀም የምትገደዱ ከሆነ የእሱንም ደረሰኝ ቁረጡ።

በስልክ የሚከፍል ሰው ሲመጣ ሦስት ነገር ይታያል። ስልኩ ላይ ኤንኤፍሲ መብራት አለበት፤ ስክሪኑ መከፈት አለበት፤ ባንኩ ካርዱን በዚያ ስልክ እንዲያኖር የፈቀደለት መተግበሪያ መኖር አለበት። ኤንኤፍሲ ስላለው ብቻ ስልክ አይከፍልም። አይፎን አንቴናው ራስጌው ላይ ነው፤ አብዛኞቹ አንድሮይዶች ጀርባቸው ላይ፣ ከመሐል ወደ ላይ። ሾፌሮችና የባጃጅ ልጆች ስልኩን ማግኔት መያዣ ላይ ለመስቀል ሽፋኑ ውስጥ የብረት ሳህን ይከታሉ፤ ያ ሳህን አንቴናውን ሙሉ በሙሉ ሊጋርደው ይችላል። ሽፋኑን አውልቁ ማለት ነው።

6. አልሠራ ሲል

ረዘም ያለውን አንድ ድምፅ ካልሰማችሁ ችግሩ 4 ሳንቲ ሜትሩ ውስጥ ነው። ድምፅ ሰምታችሁ ካልጸደቀ 400 ኪሎ ሜትሩ ላይ፣ ወይም ባንኩ ውስጥ። ከዚህ ጀምሩ።

ድምፅ ከሌለ፣ መጀመሪያ የኪስ ቦርሳውን እዩ። ደንበኛው ካርዱን ሳያወጣ ቦርሳውን አስነክቶ ከሆነ ሁለት ካርድ አብሮ መልስ ሰጥቷል፤ ማሽኑ የማን ገንዘብ እንደሚቆርጥ መገመት ስለማይፈቀድለት ሁለቱንም ይተዋል። ኮምቦልቻ ላይ ይሄ በመታወቂያ ማንጠልጠያም ይመጣል፦ የመሥሪያ ቤት በር የሚከፍት ባጅ በዚያው በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ከሆነና የባንክ ካርዱ ከጀርባው ከተከተተ ሁለቱ ይጣላሉ። ካርዱን ብቻውን ማውጣት ነው።

ብቻውን ሆኖም ዝም ካለ ካርዱን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ጠርዙን እዩ። ለቁልፍ ማያያዣ ተብሎ የተበሳ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ወይም ከኋላ ኪስ ውስጥ የተጣጠፈ ካርድ ሽቦው ተቆርጧል። የሚገርመው፣ ያው ካርድ ወደ ማሽኑ ሲገባ በደንብ ይሠራል፤ ቺፑ አልተነካማ። አስገብታችሁ በፒን ጨርሱና ደንበኛው ባንኩ ዘንድ እንዲያስቀይር ንገሩት። አዲስ ካርድም ዝም ሊል ይችላል፦ አንዳንድ ባንኮች የመጀመሪያው ግብይት በቺፕና በፒን ካልተደረገ ነካ ማድረጉን አይከፍቱም።

የሁሉም ደንበኛ ካርድ እምቢ ካለ ካርዶቹን ተዉና ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩት። ጣውላው ከቦታው መኖሩንም እዩ።

ድምፅ ኖሮ ሽያጩ ውድቅ ሲሆን ማሽኑ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ያወጣል። ይሄ ቁጥር ከጽሑፉ ይልቅ እውነቱን ይናገራል፦

51 ሂሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ የለም። ጮክ ብላችሁ አታንብቡት።
54 ካርዱ ጊዜው አልፏል።
55 ፒኑ ተሳስቷል፤ 75 ፒኑ ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ተቆልፏል።
61 ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው፤ 65 ከተፈቀደው ብዛት በላይ ነው። 65 ሲመጣ ካርዱን አስገብታችሁ በፒን ሞክሩ።
57 ይህ ዓይነት ግብይት ለዚህ ካርድ አልተፈቀደም፤ 58 ለዚህ ማሽን አልተፈቀደም። 58 የእናንተ ጉዳይ ነው፣ ባንካችሁ አገልግሎቱን አልከፈተም።
05 የካርዱ ባንክ ምክንያቱን ሳይናገር ከልክሏል። ደንበኛው ባንኩን ይጠይቅ።
91 የካርዱ ባንክ ወይም መቀያየሪያው መልስ አልሰጠም። "ሲስተም የለም" ማለት ይሄ ነው።

91 ሲመጣ የሌላ ባንክ ካርድ ካለው እሱን ሞክሩ፤ ካለፈ የእናንተ መስመር ጤነኛ ነው። እሱም ካላለፈ የሲሙን ምልክትና የዳታ ሂሳቡን እዩ። የገበያ ቀን፣ ሰው ሲበዛ፣ ዳታ ይጨናነቃል፤ ማሽኑ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ የተለያየ ኩባንያ ሲም ማስገባት ወይም የሱቁን ዋይፋይ መስጠት ብዙ ያቀላል።

አደገኛው ግን ውድቅ መሆኑ አይደለም፣ መንጠልጠሉ ነው። ማሽኑ "በመላክ ላይ" እያለ ይቆይና "ጊዜው አልፏል" ይላል፤ ደንበኛው ደግሞ ስልኩ ላይ የተቆረጠበት መልእክት ደርሶታል። ይህ የሚሆነው ጥያቄው ባንኩ ዘንድ ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ሲጠፋ ነው። ማሽኑ መልስ ካላገኘ ስረዛ መላክ አለበት፣ ባንኩም ሲደርሰው ገንዘቡን ይመልሳል፤ ግን መስመሩ ሞቶ ከሆነ ስረዛውም እስኪመለስ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ እንደገና አታስነኩ። የመጨረሻውን ግብይት አትሙ፣ የዕለቱ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን እዩ። ከሌለ፣ የደንበኛው መልእክት እውነት ቢሆንም ገንዘቡ እናንተ ጋ አልደረሰም። ባንካችሁ ጋ ደውላችሁ ባለ 12 አኃዙን የማጣቀሻ ቁጥርና ባለ 6 አኃዙን የግብይት ተራ ቁጥር ንገሩ፤ ከእነዚህ ውጭ "ዛሬ ጠዋት አንድ ሴትዮ" ብሎ መፈለግ የትም አያደርስም። ለደንበኛዋም ቁጥሮቹን ጽፋችሁ ስጡ፤ የራሷ ባንክም የሚጠይቃት እነሱኑ ነው።

ሌባን በተመለከተ

ሰው አብዝቶ የሚጠይቀው "መንገድ ላይ ማሽን ይዞ ኪሴ ላይ ቢያስጠጋስ?" ነው። 4 ሳንቲ ሜትር ድረስ መጠጋት አለበት፣ ማሽኑም በስሙ በተመዘገበ የነጋዴ ሂሳብ የታሰረ ነው፤ ለሌባ የማይመች ሥራ ነው። ከአየር ላይ የተቀዳ ንግግርም ቢሆን ለዚያች ሽያጭ ብቻ የወጣ ኮድ ስለያዘ ሁለተኛ አይሠራም። ካርድን በኩሽና አሉሚኒየም ፎይል መጠቅለል መስኩን ያግዳል፤ ለዚህ ብለው ውድ ቦርሳ የሚሸጡት ከዚያ የተሻለ ነገር የላቸውም።

እውነተኛው አደጋ የጠፋ ካርድ ነው። ከጣሪያው በታች ያለ ሽያጭ ፒን ስለማይጠይቅ ያገኘው ሰው ሊሞክረው ይችላል። ካርድ ሲጠፋ ሰዓት ሳይሰጡ ባንኩ ጋ ደውሎ ማሳገድ ነው። ስልክ በዚህ ይሻላል፤ በጣት አሻራ ወይም በመክፈቻ ቁጥር ይቆለፋል።

ባለሱቁን የሚጎዳው ደግሞ ሌላ ነው፦ "ከፍያለሁ፣ ይኸው" ብሎ ስክሪን ሾት የሚያሳይ። የእናንተ ማረጋገጫ የራሳችሁ ማሽን ዝርዝር ነው፣ የሰው ስልክ አይደለም።

7. ማታ

ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት የዕለቱን ሂሳብ ዝጉ። ማሽኑ ጠቅላላ ድምሩን ያትማል፤ ከሽያጭ መመዝገቢያው የካርድ ሽያጭ ጋር አስተያዩ። ልዩነት ካለ ብዙ ጊዜ ተሰርዞ አንዱ ጋ ብቻ የቀረ ሽያጭ ነው፤ ትኩስ እያለ በአምስት ደቂቃ ይገኛል፣ በሳምንቱ ግን ማንም አያስታውሰውም። ሂሳብ ሳይዘጋ ያደረ ማሽን ገንዘቡንም ሊያዘገይባችሁ ይችላል።

ሰዓቱ ያሳስታል። ማሽኑ የሚያትመው በፈረንጅ አቆጣጠርና በ24 ሰዓት ነው። 15፡15 የሚለው ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ ነው፤ 19፡40 ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ40። ቀኑም የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ አምሽቶ የሚሠራ ሆቴል የአንድ ምሽት ሽያጩ ሁለት ቀን ላይ ተከፍሎ ያገኘዋል። ለባንክ አቤቱታ ስትጽፉ ሁለቱንም አቆጣጠር አስፍሩ።

ወረቀቶቹን በቀን በቀን በፖስታ አድርጋችሁ ከሙቀት ራቅ ባለ መሳቢያ አኑሩ፤ ለስንት ጊዜ መያዝ እንዳለባችሁ ውላችሁ ላይ አለ። ከ91 በኋላ የተጨቃጨቃችሁበት ወይም ከፍ ያለ ገንዘብ ያለበት ወረቀት ካለ የዚያኑ ቀን ፎቶ አንሱት። መዝገብ ላይ ስትለጥፉትም ፕላስተሩን ጽሑፉ ላይ አታሳልፉት፤ ሙጫው ቁጥሮቹን ያጠፋቸዋል።